ታንክ ከሊማሊሞ ሲታይ

የታንክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ሜዳ ላይ ተቁሞ ነው። ሶም፣ ካምብሬ፣ ኩርስክ፣ ሲና በረሃ፤ ብረት እንደልቡ የሚጋልብበት አገር። ጸሐፊው የብረቱን ውፍረትና የመድፉን አፍ በሚሊ ሜትር፣ የሞተሩን ጉልበት በፈረስ ይቆጥርና ማን ማንን እንደበለጠ ይነግረናል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ደባርቅ ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ዛሪማ ቆላ ሲወርድ ያየ ሰው የሚመጣበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ሁሉ ብረት እዚህ ማን ያመጣዋል? በየትስ በኩል?

ሊማሊሞን በአሮጌው መንገድ የወረደ ሰው ጥያቄው ይገባዋል። ጭነት የያዘው መኪና ጠመዝማዛው ላይ አንዴ ታጥፎ መዞር ያቅተዋል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘልና ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል። ያ ሁሉ የሞተር ጉልበት ለአፍታ አንድ ልጅ በሸጎጠው እንጨት ላይ ያርፋል። ተሳፋሪው ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ያማትባል።

ብረትን ዳገት ማውጣት ለዚህ አገር አዲስ ጣጣ አይደለም። ከዚሁ ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ ጃናሞራ ውስጥ ባለችው ደረስጌ ማርያም፣ ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ባደረጉ ማግስት፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የመጨረሻ ወራታቸውን ያሳለፉት ደግሞ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በማስጎተት ነው። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለውን ያን መድፍ ለማድረስ ወራት ፈጀ፤ ገደል ተደረመሰ፣ ቋጥኝ ተፈለጠ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ጠረጉ። ሴባስቶፖል ጦርነቱን አልለወጠም። እኔን ግን ከመድፉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ለመድፉ ሲባል የተሠራው መንገድ ነው። ምናልባት በኢትዮጵያ ለብረት ብለን የሠራነው የመጀመሪያው ትልቅ መንገድ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ የእንግሊዝም ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ የመንገዱን ክፍል ተራምዶበታል።

ታንክ ወደዚህ አካባቢ የመጣው ከዚያ ሰባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የአቦ ዕለት። የጎጃሙ ገዥ ልዑል ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ከደብረ ማርቆስ እስከ ጎንደር፣ ከጎንደርም ሰሜንን አቋርጠው ወደ ተከዜ ወርደዋል። የጎንደርን ሰው ያዘመቱት ደጃዝማች አያሌው ብሩም በዚሁ ግንባር ነበሩ። ሰው የወረደው በእግሩ፣ ስንቁ በበቅሎና በአህያ፣ መንገዱም የሲራራ ነጋዴ መንገድ። በማለዳ ማይ ጥምቀት ከተባለው መሻገሪያ ላይ ተከዜን ተሻገሩ። ማዶው ሽሬ ነው። በዚያ የነበረው የወራሪው የጣልያን ጦር፣ ሻለቃ ክሪኒቲ የሚያዘው፣ አንድ ሺህ ያህል የኤርትራ ባንዳና ዘጠኝ ገደማ ትንንሽ ታንኮች ነበሩት። ወደ ደምበጉይና በር ሲያፈገፍግ ግን በሩን ሌሎች ኢትዮጵያውያን ቀድመው ይዘውት አገኘው።

እነዚያን ታንኮች ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ፊያትና አንሳልዶ የሠሩት ኤል-3 ይባላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ የቆመ ሰው ደረት ላይ ይደርሳል። ክብደቱ ከ30 ኩንታል ትንሽ ይበልጣል። በውስጡ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ሁለት አፍ ያለውን መትረየስ ይተኩሳል። ከጀርባቸው 43 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይጮኻል፣ ይግላል። መትረየሱ የተተከለው ፊት ለፊት ስለሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው ጥቂት ነው፤ ወደ ኋላ ጨርሶ አይዞርም። ጎንና ኋላን ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት፤ ቋጥኝ መካከል የገባ ታንክ ደግሞ አይዞርም። የፊት ብረቱ ወፍራሙ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ጣልያኖች እንዲህ አሳንሰው የሠሩት ለተራራ ብለው መሆኑ ነው። የአልፕስ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ በጠባብ መንገድ ላይ የሚያልፍ ቀላል ታንክ ያስፈልገናል ብለው ነው። ተራራን አስበዋል ማለት ነው፤ ግን ያሰቡት መንገድ ያለውን ተራራ ነው።

ደምበጉይና ላይ መንገድ አልነበረም። ታንኮቹ በሩን ከፍተው ጦሩን ሊያሳልፉ ሞከሩ። አንዳንዱ ቋጥኝ ላይ ተንጠለጠለ፣ የአንዳንዱ ሰንሰለት ተሰናከለ። ኢትዮጵያውያኑ መትረየሱ ከማያይበት ከኋላና ከጎን እየተጠጉ ወረዱባቸው። ከሰለክለካ በኩል ለእርዳታ የተላከውም ጦር ድንጋይ እየተንከባለለ መንገድ ተዘጋበት። የወረራውን ታሪክ የጻፉ የውጭ ሰዎች ሳይቀሩ የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። አንድ ባላምባራስ ከቆሙት ታንኮች በአንዱ ላይ ከኋላ ዘሎ ወጣ። ብረቱን ደበደበ። ክፈቱ! አለ። ከፈቱ። ሁለቱም በጎራዴ ወደቁ።

ይህን ታሪክ ሽለላ አድርጎ መንገር ይቀናል፤ ተነግሮለትማል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው መክፈታቸው ላይ ነው። ለምን ከፈቱ? በር ሲንኳኳ መክፈት ከሕፃንነት የለመዱት ነገር ስለሆነ? ጢሱና ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏቸው? የሚማርካቸው መስሏቸው ይሆን? ወይስ እንዲህ አጠገባቸው ደርሶ በእጁ የሚያንኳኳ ከወገናቸው በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው ይሆን? ሁሉም ያስኬዳል። የመጨረሻው ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ያ ብረት የተሠራው ጠላት እጁን የሚዘረጋበት ርቀት ድረስ ፈጽሞ አይደርስም ከሚል እምነት ጋር ነው። ውስጥ ያለው ሰው የታመነው በብረቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱ በሚፈጥረው ርቀትም ጭምር ነው። ርቀቱ ሲጠፋ ብረቱ ግድግዳ መሆኑ ቀርቶ የዓይንና የጆሮ መጋረጃ ሆነ።

ያንኳኳው ሰው አባቶች ከጎራዴም ከጦርም የሚመክቱት በጋሻ ነበር። ጋሻ የሚሸፍነው አንድ ወገን ነው፤ ቀሪው ገላ ክፍት ነው። ጋሻ የያዘ ሰው ግን በጋሻው ጠርዝ ላይ አሻግሮ ያያል፣ ወዳጁ ከኋላ ሲጠራው ይሰማል፣ የመጣበትን ምት በክንዱ ያውቀዋል፤ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደከበደ። ታንክ አራቱንም ወገን፣ ላዩንም ታቹንም ለመሸፈን የተነሣ ሐሳብ ነው። እንደዚያ ሲሆን የሚከፈለው ዋጋ ደግሞ ከጅምሩ የታወቀ ነበር። መስከረም 1909 ዓ.ም. እንግሊዞች በሶም ግንባር የመጀመሪያዎቹን ታንኮች ሲያሰልፉ፣ በእያንዳንዱ 28 ቶን ብረት ውስጥ ስምንት ሰዎች ነበሩ። ሞተሩ እዚያው መካከላቸው ነው፤ ሙቀቱና ጢሱ ራስ ያስታል፤ ጩኸቱ አጠገብ ያለውን ሰው አያሰማም። አዛዡ ከኋላ ማርሽ ለሚቀይሩት ሰዎች ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ብረት በመደብደብና በእጅ ምልክት ነበር። ውጭ ላለው ዓለም ቃል ለመላክ ርግብ ይጭኑ ነበር። እስቲ አስቡት፤ የዘመኑ ከባድ የጦር መሣሪያ፣ ሆዱ ውስጥ ርግብ ይዞ።

የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የታንክ ታሪክ የብረትና የመድፍ ፉክክር ብቻ አድርገን ካነበብነው አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠናል። ሌላው ግማሽ ታሪክ ጆሮና ዓይን የማብቀል ታሪክ ነው። ጀርመናዊው ጉዴሪያን ታንከኛ ከመሆኑ በፊት የመገናኛ መኮንን ነበር፤ በየታንኩ ሬዲዮ ይግባ ብሎ የሙጥኝ ያለው ለዚህ ነው። ካርኮቭ ላይ የተሠራው የሶቪየት ቲ-34 በብረቱ አጣጣልና በመድፉ የዘመኑን ታንኮች ያስናቀ ነበር፤ ነገር ግን በጦርነቱ መጀመሪያ አብዛኞቹ ሬዲዮ ስላልነበራቸው አዛዡ ባንዲራ እያውለበለበ ነበር የሚያዝዘው። ከዚያ ደግሞ እጅግ ቀላሉ ነገር መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አሜሪካኖችና እንግሊዞች ከታንኩ በስተኋላ ስልክ ገጠሙ። እግረኛው ከኋላ ተጠግቶ ስልኩን ያነሣና ውስጥ ላለው ሰው፣ በስተቀኝህ ካለው ቤት መትረየስ አለ፣ ይለዋል። አሜሪካኖች በኋላ ኤብራምስ የተባለውን ታንካቸውን ሲሠሩ ስልኩን ተዉት፤ ኢራቅ ከተሞች ውስጥ መዋጋት ሲመጣ ግን መልሰው ገጠሙት። ከኋላ የሚያንኳኳ ሰው እንዳለ መሐንዲሶቹ ከአንዴም ሁለቴ ለመማር ተገደዋል ማለት ነው። ደምበጉይና ላይ ያ የታንክ ድክመት በአንድ ጎራዴ ተገልጦ ነበር፤ የታንክ ታሪክ መጻሕፍት ግን ስለ ቦታው የሚሰጡት ቢበዛ አንድ መስመር ነው።

ድሉ አልቆየም። ጣልያን ከታንክ ሆኖ ያጣውን ከሰማይ ሆኖ ፈለገ። በዚያው ወር በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ ተጣለ። ራስ እምሩ በኋላ እንደመሰከሩት አውሮፕላኖቹ የጣሉት የተለመደውን ቦምብ ሳይሆን በርሜል መሰል ነገር ነበር፤ ሲፈነዳ ፈሳሽ ይረጫል፣ የነካው ገላ ይቆስላል፣ ውሃውን የጠጣም ያልቃል። መርዝ የሚያንኳኩበት በር የለውም። ለኔ ከመርዙ ጭካኔ ጋር አብሮ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ከሳምንት በፊት አጠገቡ በተደረሰበት ብረት ፈንታ የማይደረስበት ነገር መረጡ። ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ታንኮች በራሳቸው ላይ የሽቦ ጣሪያ ሠርተው ሲሄዱ ስናይ፣ ከላይ የሚመጣው ድሮን የክፍለ ዘመኑን ስሌት ሁሉ ሲያፈርስ ስንሰማ፣ አዲስ ነገር እንደሆነ አድርገን እናወራለን። ታንክ ከሰማይ መበለጡ አዲስ አይደለም፤ እዚህ ግን የተበለጠው ታንኩ ሳይሆን ታንኩን በእጁ ያሸነፈው ሰው ነበር።

ወደ መንገዱ ልመለስ። የሽሬው ጦርነት በየካቲት መጨረሻ በራስ እምሩ ሽንፈት ካለቀ በኋላ፣ የፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር እየመራ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። የመጣው ግን በሰሜን ተራሮች በኩል አይደለም። ከኦም ሐጀር ተነሥቶ በስተምዕራብ ያለውን ቆላ ዞሮ ነው። ሞተር ያለው ሁሉ ሊማሊሞን ሸሸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጣልያኖች የአስመራን መንገድ ከጎንደር ሊያገናኙ ሲነሡ ነው ያን ገደል በድማሚትና በሰው ጉልበት እየፈለጡ እንደ እባብ ያጠማዘዙት። ከታንኮቻቸው ይልቅ ሰሜንን የለወጠው ይህ ነው። ብረት ለበሱ ያልቻለውን ዶማና ድማሚት ቻለ።

መንገዱም ሠሪዎቹን አጠመዳቸው። 1933 ላይ ጦርነቱ ሲገለበጥ ኮሎኔል ጎኔላ የሚያዘው የጣልያን ጦር ከደባርቅ ጥግ ወልቀፊት በር ላይ መሸገ። ቦታው የተመረጠው መንገዱን ስለሚዘጋ ነው። ከኢትዮጵያ አርበኞችና ከእንግሊዞች ጋር ወራት ተፋለመ፤ ደባርቅም በዚያ ክረምት ከእጅ ወደ እጅ የሚታገሉባት ከተማ ሆነች። መጨረሻ ላይ ወልቀፊትን የፈታው የብረት ብልጫ አልነበረም። ስንቅ አለቀ፤ በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን ተከተለች።

ከዚያ በኋላ ታንክ የራሳችን ሆነ። ከአሜሪካ መጣ፣ ኋላም ከሶቪየት ኅብረት በብዛት መጣ። በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ታንክ አዲስ አበባ ውስጥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ላይ ተኮሰ፤ በ1967 መባቻ ንጉሡ ሲወርዱ ደግሞ ታንኮች በየደጁ ቆመው ሳለ ጃንሆይን ይዛ የወጣችው ቮልስዋገን ናት። ይህ የሚነግረን ምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ብቻ የሥልጣን ብረት ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እንዲታይ ነው፣ ሥራውን የምትሠራው ትንሿ መኪና ናት።

በሰሜን መንገዶች የተለመደው ቲ-55 ነበር። 36 ቶን፣ አራት ሰው፣ 100 ሚሊ ሜትር መድፍ። በዓለም ላይ ከእሱና ከወንድሙ ከቲ-54 የበለጠ የተመረተ ታንክ የለም፤ ድሀ አገሮች ሁሉ ያውቁታል። ያን ታንክ ከጎንደር ሽሬ ማድረስ ምን ማለት እንደሆነ የሾፌርነት ሙያ ያለው ያውቀዋል። በራሱ እግር ከሄደ ሰንሰለቱ ያልቃል፣ አስፋልቱንም ያርሰዋል፤ ስለዚህ በሎቤድ ይጫናል። ከሎቤዱ ኋላ ቦቴ ያስፈልጋል፣ ከቦቴው ኋላ መለዋወጫና ጥይት የጫነ ካሚዮን፣ ከሁሉም ጋር ጠባቂ። ወደ ፊት የሚታየው አንድ ታንክ ነው፤ ከኋላው ግን እንደ ሠርግ አጃቢ የተሰለፈ መኪና አለ። ሊማሊሞ ላይ አንዱ ቦቴ ከተመታ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ወፍራም ብረት የያዘ ሰው ራሱን የቻለ ይመስላል እንጂ የሌላ እጅ ጠባቂ ነው፤ ብረቱ በወፈረ ቁጥር የሚጠብቀው እጅ ይበዛል።

በየካቲት 1981 ዓ.ም. የደርግ 604ኛው ኮር ሽሬ እንዳሥላሴ ላይ ሲደመሰስ፣ ደምበጉይና ባለበት በዚያው በሽሬ ምድር ማለት ነው፣ ታንኮቹ በወያኔ እጅ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከገቡት ታንኮች መካከል መንግሥት ራሱ ገዝቶ ያስመጣቸው ይገኙ ነበር። ጎራዴ የጌታው ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ስም ይወጣለታል። ታንክ ጌታ የለውም። ያገኘው ይነዳዋል፤ ቀለሙን ይቀይራል እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተራራውን አወድሶ ብረቱን የናቀ ከመሰለ፣ እንደዚያ አይደለም። ተራራ ይጠብቀናል የሚለው እምነት የኛ የራሳችን የተዘጋ ብረት ነው፤ ውስጡ ሆነን ከኋላ የሚመጣውን አናይም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በትግራይ የተነሣው ጦርነት አዲአርቃይንና ዛሪማን አልፎ ወደ ዳባት ገጠር ሲደርስ፣ ጭና ተክለ ሃይማኖት ላይ ሰላማዊ ገበሬዎች ተገደሉ። የሰሜን ሰንሰለት እንዳለ ቆሞ ነበር። ለአንድም ሰው አልሆነም።

መንገዱንም ቢሆን ልወቅሰው አልችልም። ለጦር የተቆረጠው ያ ገደል ሰማኒያ ዓመት ሙሉ ጤፍና ጨው፣ ነፍሰ ጡርና ተማሪ አመላልሷል። የዳባት ስንዴና የሰሜን ገብስ ወደ ገበያ የሚወጣው በመኪና ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ደባርቅ ላይ ምን እንደሚሆን የከተማው ሰው ይነግራችኋል። አሁን ያለው ሰው መንገዱ ይስፋ፣ ድልድዩ ይጠንክር ይላል፤ ትክክል ነው። በአገራችን አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል እህል ይጭናል። ቲ-55 የሚመዝነው 360 ኩንታል ነው። እህሉን የሚሸከም ድልድይ ታንኩንም ይሸከማል። አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ ድልድይ የሠራ መሐንዲስ እስካሁን የለም፤ የደባርቅ ሰውም ይህን እያወቀ ድልድዩ ይሠራልኝ ይላል።